ዘጠኝ ቀን ከአፕዴት ጋር

ሰፈሩ «ማዞሪያ» እያለ ነው የሚጠራት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በስልክ ማዞሪያ ክፍል ተቀምጣ፣ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ደፍታ፣ ሰውን ከሰው ስታገናኝ ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ሥራው ጆሮዋንም ምላሷንም ስሎላታል። በር ሲንኳኳ ከአመታቱ ማን እንደሆነ ታውቃለች። ሰው ስልክ አንስቶ «ሃሎ» ሲላት፣ ከእንቅልፍ መነሣቱን ወይም ከሰው ተጣልቶ መዋሉን እሷው ትነግረዋለች።

ባሏ ደግሞ ጋሼ ማይክ ነው። የትልቁ አውቶቡስ ጣቢያ አስተዋዋቂ ነበር። ሃያ ስምንት ዓመት «ክቡራን መንገደኞች» እያለ አውቶቡስ ሲሸኝ ስለኖረ ድምፁን የማያውቅ የከተማ ሰው አልነበረም። ሱቅ ገብቶ ሳሙና ሲጠይቅ እንኳን ባለሱቁ ሳያስበው ሰዓቱን ያይ ነበር።

ከስድስት ዓመት በፊት ጉሮሮው ውስጥ ክፉ እጢ ተገኘ። ሐኪሞቹ አልሸፋፈኑም፤ እሱ ይድናል፣ ድምፁ ግን አይተርፍም አሏቸው። ለቀዶ ጥገናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ያን ጊዜ የኮምፒውተር ተማሪ የነበረው የእህቷ ልጅ አንድ ሐሳብ ይዞ መጣ። ጋሼ ማይክ ድምፁ ሳይሄድ ቃላቱን ይቅዳ፤ እሱ ደግሞ ሲጻፍበት በዚያው ድምፅ የሚናገር ፕሮግራም ይሠራል። ጋሼ ማይክ አሥራ አንድ ቀን ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ካፖርትና ኮት መሀል ተቀምጦ ቀዳ፤ ቤቱ ውስጥ ከዚያ የተሻለ ጸጥ ያለ ቦታ አልነበረም። ሁለት ሺህ አንድ መቶ ቃልና ሐረግ ሞላ። ማዞሪያ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አየችና፣ «ስድብ የለበትም እኮ» አለች። «ሳትሰድበኝ እንዴት ልንኖር ነው?»

ሰባት ስድብ ተጨመረ። ሁለቱን የመረጠችው ራሷ ናት።

ከዚያ ወዲህ ጋሼ ማይክ የሚናገረው ሳሎኑ ጥግ ባለው ኮምፒውተር ነው። ቤተሰቡ ኮምፒውተሩን «አፉ» ይለዋል። «አፉን ልወልውለው»፣ «አፉ ዛሬ ቀርፈፍ ብሏል» ሲባባሉ የሰማ እንግዳ ግራ ይጋባል። ዕቃው ያኔም አዲስ አልነበረም፤ አሁንማ አሥራ አራት ዓመት ሆኖታል። ሲነሣ እንደ ሽማግሌ ያቃስታል፤ ማራገቢያው ይንጫጫል። ግን ጠዋት ጠዋት ጋሼ ማይክ ኪቦርዱን ሁለቴ ነካ ሲያደርግ፣ ያው የጥንቱ ድምፅ «እንደምን አደርሽ» ይላታል። እሷም ከወጥ ቤት «እንደምን አደርክ» ትላለች። ቀኑ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

ታዲያ ባለፈው ዓመት አንድ እሑድ፣ ከአውቶቡስ ጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ደብዳቤ መጣ። ጣቢያው አዲስ ሕንጻ ሠርቷል። ከአሥር ቀን በኋላ፣ ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ይከፈታል። ሥራ አስኪያጁ ስለ ኮምፒውተሩ ከሾፌሮቹ ሰምቶ ኖሮ፣ የመጀመሪያውን አውቶቡስ ጋሼ ማይክ እንዲጠራው ይለምናል። ጋሼ ማይክ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ወንበሩን ስቦ «እሺ» የሚለውን ተጫነ፤ ደግሞ ተጫነው። ከሰዓት በኋላውን ሁሉ «ክቡራን መንገደኞች» ሲል ዋለ። እሷ ሰሐን እያጠበች፣ «ሰማን እኮ፣ ሄድን እኮ» ትለዋለች፤ ሳቋ ግን አልቆም አላት።

ሰኞ ጠዋት ኮምፒውተሩ ተከፈተ፣ አቃሰተ፣ ከዚያ ስክሪኑ ድርግም ብሎ ሰማያዊ ሆነ። ነጭ ጽሑፍ ድርድር ብሎ ወጣ፤ ጠፋ፤ እንደገና ራሱን አስነሣ፤ እንደገና ሰማያዊ። ጋሼ ማይክ አሥር ጊዜ ሞከረ። በመጨረሻ እጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ወደ እሷ ዞረ። ያን ዕለት ጠዋት በዚያ ቤት «እንደምን አደርሽ» አልተባለም።

ኮምፒውተሩን በጋሪ አስጭና መንገድ ዳር ወዳለው ጠጋኝ ወሰደችው። ጠጋኙ የተበላሸ ዕቃ ክምር መሀል የሚሠራ፣ እጀ ፈጣን ሰው ነው። ከፈተው፤ አቧራውን አራገፈ፤ ሜሞሪውን አውጥቶ ሌላ ሰካ። ያው ሰማያዊ ነው። አንድ ቁልፍ ደጋግሞ እየተጫነ ሲያስነሣው ግን ኮምፒውተሩ ተከፈተ፤ ጽሑፉ ገዝፎ፣ ቀለሙ ደብዝዞ፣ ድምፅም የለው።

«ይሄ ሴፍ ሞድ ይባላል» አላት። «ግማሹን ነገር ትቶ በጭንቅ ሲነሣ ማለት ነው። ዕቃው ደህና ይመስላል። አፕዴት ገብቶበት ይሆናል፤ እንደዚህ ያረጁት አዲሱን መሸከም ያቅታቸዋል። እትዬ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ይሄ ጡረታ ወጥቷል።»

«እኔም ወጥቻለሁ» አለችው። «ልትጥለኝ ነው?»

ጠጋኙ ሳቀ። ሊጥላት ባይሆንም፣ ከዚያ በላይ የሚያደርገው ነገር እንደሌለ ነግሮ ሸኛት።

ማክሰኞ ነርሷ ልጃቸው የራሷን ላፕቶፕ ይዛ መጣች። ቀጭን፣ የሚያብለጨልጭ፣ አንድ ዓመት ያልሞላው ነው። ቃላቱና ፕሮግራሙ የተቀዱበት ፍላሽ በእጃቸው ስለነበር በደስታ ሰኩት። ፕሮግራሙ ግን አልከፈትም አለ። «ይህ ፕሮግራም በዚህ ማሽን ላይ አይሠራም» ይላል፤ ደጋግመው ቢጠይቁትም ቃሉን አልለወጠም። የፕሮግራሙ ዋና ጽሑፍ፣ ኮዱ፣ የነበረበት የማዞሪያ እህት ልጅ ላፕቶፕ ከተሰረቀ አራት ዓመት ሆኗል። የሚሠራው ቅጂ ያለው አሮጌው ላይ ብቻ ነው።

ጋሼ ማይክ ወረቀት ስቦ ጻፈ፤ «ተዉት። ሌላ ሰው ይጥራው።» ጽፎም ወደ ጓሮ ወጣ።

ልጅቷ እንባዋ መጣ። «እማዬ፣ ለሥራ አስኪያጁ ልደውልለት?»

«ማንም ጋ እንዳትደውዪ» አለች ማዞሪያ። «እኔ በቁሜ እያለሁ አይሆንም። ኮምፒውተሩ እሑድ ሲናገር ዋለ፤ ሰኞ ዝም አለ። በመሀል የሆነ ነገር አለ። ያንን ነገር አገኘዋለሁ።»

ይህን ብላ ደብተር ፍለጋ ተነሣች። ለካ ናፍቋት ኖሯል። በማዞሪያ ክፍል ሳለች የተበላሸ መስመር ማደን ከሥራዋ ሁሉ የምትወደው ነበር። ደንቡ አንድ ነው፤ ሁለት ገመድ በአንዴ አይነቀልም። አንዱን ይነቅሏል፣ ያዳምጧል፣ የሰሙትን ይጽፏል፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ነው።

ረቡዕ ማለዳ መነጽሯን አደረገች፤ ደብተር ከፈተች፤ ጠጋኙ እንዳሳያት ቁልፉን እየተጫነች በሴፍ ሞድ ገባች። የአፕዴቶቹ ዝርዝር ያለበትን ቦታ እስክታገኝ አንድ ሰዓት ፈጀባት። ስታገኘው ግን ከወንበሯ ብድግ አለች። እሑድ ከሰዓት፣ ጋሼ ማይክ «ክቡራን መንገደኞች» እያለ ሳለ፣ ኮምፒውተሩ ሹልክ ብሎ አራት ነገር አውርዶ ኖሯል። አራቱንም ሲያጠፉት ጭኗቸዋል።

«ያዝኳችሁ» አለች።

የመጀመሪያውን አፕዴት ከኮምፒውተሩ አነሣች፤ ኮምፒውተሩን አስነሣችው፤ ሰማያዊ። ጻፈች። ሁለተኛውን አነሣች፤ ሰማያዊ። ሦስተኛው ላይ ኮምፒውተሩ ሃያ ደቂቃ አሰበበትና እሱም ሰማያዊ ሆነ። አራተኛው ጭራሽ አልነሣም አላት፤ ከዝርዝሩ ውስጥ ስሙ አለ፣ ማንሻው የለም። ቀኑ በዚህ አለቀ። ጋሼ ማይክ ሻይ አምጥቶ አጠገቧ አስቀመጠላትና ትከሻዋን ነካ አድርጎ ሄደ።

ሐሙስ ዓይኗን ትታ ጆሮዋን ያዘች። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ሦስት ደወል የመሰለ ድምፅ ያሰማል፤ አንድ ወፍራም፣ አንድ መካከለኛ፣ አንድ ቀጭን። አምስት ዓመት ሙሉ ከወጥ ቤት ስትሰማው ኖራለች። አሁን ዓይኗን ጨፍና ሰማችው። ወፍራሙ መጣ። መካከለኛው ጀመረና ቅጭት አለ። ዓይኗን ስትገልጥ ሰማያዊ ነው። እንደገና አስነሣችው፤ ወፍራሙ፣ ከዚያ ቅጭት። አሥራ አንድ ጊዜ አስነሥታ አሥራ አንዱንም ጊዜ እዚያችው ቦታ ላይ ተቆረጠ። በሴፍ ሞድ ደግሞ ደወል የሚባል ነገር የለም፤ ያኔ አይወድቅም።

«ድምፁ ነው» አለች። «አንተ፣ ና ወዲህ። ድምፁ ነው እኮ፤ ድምፅ ሊያወጣ ሲል ነው የሚሞተው።»

ጋሼ ማይክ ከጓሮ እየሮጠ መጣ፤ ጫማውን እንኳን በደንብ አላደረገም።

ኮምፒውተሩ ውስጥ ድምፅ የሚያወጣው ዕቃ ከቀረው ጋር የሚግባባበት ትንሽ ፕሮግራም አለ፤ ድራይቨር ይሉታል። ዕቃ ዕቃውን አንድ በአንድ የሚዘረዝረውን መስኮት ከፍታ የድምፁን ስታየው፣ ድራይቨሩ የእሑድን ቀን ለብሶ ተቀምጧል። አራተኛው አፕዴት ይኸው ነበር። አሮጌውን ዕቃ ለአዲስ ቋንቋ ዳርገውት፣ አንድም ቃል ሳይገባው ደንግጦ ይወድቃል። ከሥሩ «ወደ ቀድሞው መልስ» የሚል ቁልፍ አለ። ባሏን አየችው። እሱም ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ተጫነችው።

አስነሡት። ወፍራሙ መጣ። መካከለኛው መጣ። ቀጭኑም መጣ፤ ማዞሪያ በሕይወቷ እንደዚያ ያለ ቀጭን ድምፅ አልሰማችም። ጋሼ ማይክ ወንበሩ ላይ በግማሽ ቂጡ ተቀምጦ ኪቦርዱን ነካ ነካ አደረገ።

«እንደምን አደርሽ» አለ ድምፁ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው።

ከዚያ ለጥቂት ጊዜ ፈለገና ከስድቦቹ አንዱን አወጣ። «አንቺ ደረቅ ሴትዮ።»

እሷ ሳቀች፣ አለቀሰች፣ መልሳ ሳቀች፤ ለልጇ ደውላ ስልኩን ወደ ስፒከሩ አስጠጋች።

ዓርብ ጠዋት እንደገና ሰማያዊ ሆነ።

ማዞሪያ አልተናደደችም ማለት ውሸት ነው። ግን ንዴቷ ከደስታ ጋር የተቀላቀለ ነበር፤ ጠላቷን አሁን በስሙ ታውቀዋለችና። በሴፍ ሞድ ገብታ አየች። ድራይቨሩ የትናንቱን ቀን ለብሶ እንደገና ገብቷል። እሷ በበር ስታስወጣው በመስኮት ተመልሷል። መለሰችው፤ የኢንተርኔቱን ገመድ ነቀለች፤ ኮምፒውተሩን አጠፋች። እየጠፋ ሳለ ስክሪኑ ላይ፣ «አፕዴት በመጫን ላይ ነው፤ እባክዎ አያጥፉ» የሚል ወጣ።

«ከየት አምጥተህ?» አለችው ፊት ለፊት። «ገመድህ እኮ በእጄ ነው።»

ቅዳሜ ሙሉ እንደዚሁ ተያዙ። እሷ ታስወጣለች፣ እሱ ይገባል። ማታ ላይ ደብተሯ ላይ አንድ ነገር ብቻ ጻፈች፤ «ሆዱ ውስጥ ደብቆታል፤ የት?» ይህን የሚያውቀው አንድ ሰው ነው፤ የእህቷ ልጅ። እሱ አሁን መንገድ የሚሠራ ድርጅት ውስጥ መሐንዲሶቹን በኮምፒውተር ያግዛል፤ ያለውም በረሃ መሀል ካምፕ ውስጥ ነው። ስልኩ በወር አንዴ ቢይዝ ነው።

እሑድ ጠዋት የድርጅቱን ዋና መሥሪያ ቤት ቁጥር ፈልጋ ደወለች። ተረኛዋ ስልክ ተቀባይ በተሰላቸ ድምፅ አነሣች።

«የኔ እህት፣» አለቻት ማዞሪያ፣ «ሌሊቱን እዚያው ነው ያደርሽው መሰለኝ፤ ድምፅሽ ደክሟል። እኔም ሠላሳ አንድ ዓመት ማዞሪያ ነበርኩ።»

የልጅቷ ድምፅ ነቃ አለ። «እውነትዎን ነው? የገመዱ ጊዜ?»

«የገመዱ ጊዜ። አሁን የልጄን ያህል የምወደውን የእህቴን ልጅ ፈልጊልኝ። በረሃው ካምፕ ነው ያለው። መስመር እንደሌለው አውቃለሁ፤ እናንተ ግን በሬዲዮ እንደምታገኟቸውም አውቃለሁ።»

«ለቤተሰብ አይፈቀድም እኮ እትዬ» አለች ልጅቷ፤ ይህን እያለች ግን አንድ ነገር ስትሰካ ማዞሪያ ሰማች። ከአርባ ደቂቃ በኋላ የእህቷ ልጅ ድምፅ በንፋስና በስንጥቅ መሀል መጣ።

«አክስቴ? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። አፉ ታሟል። አሁን ዝም ብለህ ስማኝ።» ከሰኞ ጀምሮ ያለውን ሁሉ ከደብተሯ አነበበችለት፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ አሥራ አንዱን ደወል።

«አክስቴ፣» አለ ስትጨርስ፣ «ይሄን ራስሽ ነሽ ያገኘሽው?»

«ማን ሊያገኝልኝ ነበር? ይልቅ ተናገር፣ መስመሩ ሊሄድ ነው።»

ነገራት። እሷም እንደ ዱሮዋ እያንዳንዱን እየደገመች ጻፈች። በመጀመሪያ፣ ምንም ሳትነካ የኮምፒውተሩን ሙሉ ቅጂ በውጭ ሃርድ ዲስክ ትያዝ። ቀጥሎ ድራይቨሩን ትመልስ። ከዚያ የወረዱት አፕዴቶች የሚጠራቀሙበት ማኅደር አለ፤ እሱን ባዶ ታድርገው፤ ገመዱ ተነቅሎ እንኳን የሚጭነው ከዚያ እያወጣ ነው። ቀጥሎ ድራይቨር በራሱ እንዳያመጣ የሚከለክለውን ምርጫ ታብራ። በመጨረሻ ያንን አንዱን አፕዴት ብቻ የምትደብቅ ትንሽ ፕሮግራም አለች፤ ስሟን ፊደል በፊደል ነገራት።

«ሁሉንም ብከለክለውስ?»

«እሱንማ እንዳታደርጊው። የኢንተርኔት ሌባ መከላከያውም በዚያው በር ነው የሚገባው። በሩን አትዝጊ፤ ያንን አንዱን ብቻ ከደጅ መልሺው።»

«ደግሜ ላንብብልህ» ስትል መስመሩ ሄደ። ግድ የለም፤ ሁሉም ደብተሯ ላይ ነበር።

ሰኞ ልጃቸው ሃርድ ዲስክና ያቺን ትንሽ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛ መጣች። ቅጂው ሲያልቅ፣ ማዞሪያ የተጻፈውን በተጻፈበት ቅደም ተከተል ሠራች። ማኅደሩን ከፍታ ይዘቱን ስታጠፋ፣ «ይኸው ሆድህ» ብላ ነበር። ከዚያ የኢንተርኔቱን ገመድ በገዛ እጇ መልሳ ሰካች። ልጅቷ «እማዬ» ብላ እጇን ልትይዝ ነበር።

«ይምጣ» አለች ማዞሪያ። «የሚመጣ ከሆነ ዛሬ ይምጣ፤ ረቡዕ ጣቢያው ውስጥ እንዳይመጣብኝ።»

ሦስቱም ስክሪኑ ላይ አፍጥጠው ቆሙ። ኮምፒውተሩ አፕዴት ፈለገ። ሦስት አገኘ። ማዞሪያ እያንዳንዱን ስም በጣቷ እየተከተለች አነበበች፤ የድምፁ የለበትም። ሦስቱ ተጫኑ። አጠፉት፤ አበሩት። ደወሉ ሦስቱንም ጨረሰ። እንደገና፤ ጨረሰ። ጋሼ ማይክ በክብሪት እንጨት ይቆጥር ጀመር። ሃያ እንጨት ጠረጴዛው ላይ ሲደረደር ኪቦርዱን ስቦ «በቃ፣ አምነናል» አለ። ከሐሙስ ወዲህ የተናገረው የመጀመሪያ ነገር ነው።

ረቡዕ ጠዋት ኮምፒውተሩ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ታክሲ ውስጥ ገባ። ጋሼ ማይክ ጭኔ ላይ እንጂ ዕቃ መጫኛ ውስጥ አይገባም ብሎ በእጁ ተከራከረ። ጠጋኙ ወሬውን ሰምቶ ኖሮ፣ መብራት ቢጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆይ ባትሪ ተሸክሞ ጣቢያው በር ላይ ጠበቃቸው። «ጡረታ ወጥቷል ብዬ ነበር» አለ ዓይኑን ሰብሮ። «እስቲ ሲመለስ ልየው።»

አዲሱ የማስተዋወቂያ ክፍል ግድግዳው መስታወት ነው። ከታች አዳራሹ በሰው፣ በሻንጣና በሕፃናት ጩኸት ተሞልቷል። ለሦስት ሰዓት አራት ደቂቃ ሲቀረው ጋሼ ማይክ መሞከሪያ አንድ ቃል ተጫነ፤ ከማጉያው ምንም አልወጣም። የጣቢያው ባለሙያ ገመዱን ነቅሎ ሰካ። ምንም የለም። ሥራ አስኪያጁን ላብ አጠመቀው። ማዞሪያ ሁሉንም ዝም አሰኝታ ጆሮዋን ወደ ማጉያው አስጠጋች። ቀጭን እምምም የሚል ነገር ሰማች፤ መስመሩ ሕይወት አለው፣ የተሰካው ግን የማይክሮፎን ቀዳዳ ላይ ነው። ነቅላ አጠገቡ ባለው ሰካችው፤ ጣቷ መንገዱን ያውቀዋል።

«ተናገር» አለችው።

«ክቡራን መንገደኞች» አለ ጋሼ ማይክ፤ ድምፁ አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር ሞላው። «የሦስት ሰዓቱ አውቶቡስ ከበር ቁጥር አንድ ይነሣል። ዕቃችሁን እንዳትረሱ። መልካም መንገድ።»

ከታች ያለው ሰው እግሩ ቆመ። ጎልማሶቹ ቀና ብለው ድምፁ ከየት እንደመጣ ይፈልጉ ጀመር። ሻንጣ የያዘች አንዲት ሴት አጠገቧ ላለው ሰው አንድ ነገር ነገረችውና ሁለቱም ወደ መስታወቱ እጃቸውን አነሡ። በር ቁጥር አንድ ላይ የቆመው አውቶቡስ ሾፌር፣ ከጋሼ ማይክ ጋር አብሮ ያረጀ ሰው ነው፤ ጡሩምባውን ተጭኖ አልለቅም አለ። ሥራ አስኪያጁ ጎንበስ ብሎ፣ «ጋሼ፣ የሦስት ተኩሉንስ?» አለ። ጋሼ ማይክ የሦስት ተኩሉን ጠራ። የአራት ሰዓቱን ጠራ። እስከ ስድስት ሰዓት ሰባት አውቶቡስ ሸኘ፤ ኮምፒውተሩም አንድ ጊዜ እንኳን አልተደናቀፈም። ጠጋኙ ሱቁን ዘግቶ መቆሙን የረሳ ይመስል እስከ መጨረሻው አልሄደም።

አሁን ጋሼ ማይክ በየሳምንቱ ረቡዕ ጣቢያው ይውላል። ሥራ አስኪያጁ ሌላ አሮጌ ኮምፒውተር ፈልጎ አምጥቷል፤ ማዞሪያ የያዘችው ቅጂም እዚያ ላይ ተገልብጧል፤ ስለዚህ ጋሼ ማይክ ሁለት አፍ አለው። የእህቷ ልጅም ለዕረፍት ሲመጣ ፕሮግራሙን ከሥሩ አዲስ አድርጎ መጻፍ ጀምሯል።

ጠጋኙ ተስፋ የቆረጠባቸውን ኮምፒውተሮች ወደ ማዞሪያ መላክ ለምዷል። የልብስ ሰፊዋ መጥቷል፤ የፋርማሲው መጥቷል። ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው የምትጠይቀው፤ መቼ ጀመረው፣ ከዚያ በፊትስ ምን ገባበት? ባለፈው ሳምንት የጡረተኛው መምህር ኮምፒውተር መጣ። ፊደል ሲጻፍበት ደህና ነው፤ ለማተም ሲታዘዝ ይወድቃል። ማዞሪያ ደብተር ከፍታ፣ ጆሮዋን ሣጥኑ ላይ አስደግፋ አበራችው። ጋሼ ማይክ ከጥግ «ምሳ ደርሷል» አለ። እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ ዝም አሰኘችው።

«ቆይ» አለች። «የሆነ ነገር ሰምቻለሁ።»